ቃሬዛ የማያሳልፈው የእግረኛ መንገድ

ለሐይቅ ዳር አረንጓዴ ሞዴል መንደር ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በእግር ይኬድበታል ስለተባለው መንደራችን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ቤተሰብዎ ደህና ነው? ወገብዎስ፣ ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ጉልበትዎን ለይቼ መጠየቄ ያለ ነገር አይደለም፤ መንደራችን ከተመረቀ ወዲህ ከመኪናዎ ወርደው ሲራመዱ ያየዎት ሰው ስለሌለ፣ እኛ ሴቶቹ አሞዎት ይሆን ወይ እያልን ስንጨነቅ ሰንብተናል። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ ከክፉ ነገር ሁሉ ይጠብቅዎ፣ ራስዎ ባሠሩት መንገድ ላይ ከመሄድም ይሰውርዎ።

ስሜ ራዚያ ማህዲ ነው። የምኖረው ሾላ ግርጌ ሰፈር ነው፤ እርስዎ በፕላንዎ ላይ «ብሎክ ሐ» የሚሉት ማለቴ ነው። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ጽሑፌ ወሬ ቢበዛበት ይቅርታዎን እለምናለሁ። ወሬ መውደዴን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ደንበኞቼም ጨው ሊገዙ መጥተው የሚመሽባቸው በእኔ ነው። ነበር ልበል እንጂ፤ ስለ ሱቁ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ግን ምስጋናዬን ላቅርብ። ፕሮጀክቱ ሲጀመር በአዳራሹ ሰብስበውን፣ ባለሙያዎ በግድግዳው ላይ ሥዕል እያበሩ ያስረዱንን እስከዛሬ አልረሳሁትም። በሥዕሉ ላይ ቤቶቹ ከሱቆቹ ጋር አንድ ላይ ናቸው፣ ዛፎች አሉ፣ ሕፃናት ይሮጣሉ፣ ሽማግሌዎች ከጥላ ስር ተቀምጠዋል፣ መኪና ግን የለም። ባለሙያዎ እንዳስረዱን፣ የሠለጠነው ዓለም ብዙ ከደከመ በኋላ የደረሰበት ነገር ቢኖር፣ ሰው ቤቱም ሥራውም ገበያውም ጸሎቱም እግሩ በሚያደርሰው ቦታ ቢሆንለት፣ በመካከሉም ዛፍ ቢኖረው ደስ ብሎት እንደሚኖር ነው። እኛም ሰምተን አጨበጨብን፤ ስለ ሰፈራችን የሚያወሩ መስሎን ነበር። ሱቄ ከመኝታዬ ፊት ነው፣ ወፍጮው ከሱቄ ጎን፣ መስጊዱ ከወፍጮው ከፍ ብሎ፣ የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የእነ እንየው ቤት ከመስጊዱ አጥር ማዶ። ከነዚህ ሁሉ ፊት አንድ ሰፊ የእግር መንገድ በሾላዎቹ ስር አልፎ ወደ ሐይቁ ይወርድ ነበር፤ ሊወርድ ሲል ለሁለት ይከፈልና አንዱ ወደ እኛ መቃብር፣ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይሄዳል። ሥዕሉ ሁሉ አለን ብለን ወደ ቤታችን ገባን። ያንን ለመሥራት ይህንን ማፍረስ እንደሚያስፈልግ የገባን ዶዘሩ ሲመጣ ነው።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በአክብሮት፣ ቁጥር እየሰጠሁ አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ «ቅይጥ አገልግሎት»። ይህን ቃል ስላስተማሩን እናመሰግናለን። የቤቴን የፊት ክፍል ሱቅ አድርጌ ጨውና ሳሙና ስሸጥ፣ ከኋላ ወጤን እያማሰልሁ፣ ጓሮ ወጥቼ ጎመኔን እያጠጣሁ ስኖር ይህ ሁሉ ስም እንዳለው አላውቅም ነበር፤ ኑሮ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ስሙን በነገሩን በወሩ ሱቄን ዘጉት። ብሎክ ሐ መኖሪያ ብቻ ስለሆነ ሱቅ የሚፈቀደው በቅይጥ አገልግሎት ማዕከሉ ነው ተባለ። ማዕከሉ ደግሞ ወዲያ አስፋልቱ ዳር ስለሆነ፣ እነሆ በእግር የሚኬድበት መንደር ነዋሪዎች ክብሪት ለመግዛት ባጃጅ እንይዛለን። ወፍጮውም ወደዚያው ተዛውሯል፤ ጎረቤቴ ፋሲካ እህሏን ከአጠገቧ አስቀምጣ ባጃጅ ስትጠብቅ ባየኋት ቁጥር ስምዎን በዱዓ አነሳለሁ፣ ዱዓው ምን እንደሆነ ግን እንዳይጠይቁኝ። ከልባቸው የሚያመሰግኑዎት ባለባጃጆቹ ናቸው፤ የአክስቴ ልጅ ሀሚዱ አንዱ ስለሆነ ይህን የምጽፈው ከታማኝ ምንጭ ነው። የሱቄ መስኮት በብሎኬት ከተደፈነ በኋላ ለምረቃው ቀን ሠዓሊ ልከው ትልቅ አበባ ስላሣሉበትም አመሰግናለሁ። አበባው ያምራል፤ ጨው ግን አይሸጥም።

2ኛ. ስለ አረንጓዴው። ሾላዎቹ ፍሬያቸው እየወደቀ የተነጠፈውን ድንጋይ ያቆሽሻል ተብለው ተቆረጡ፤ በቦታቸው ዘንባባ ተተከለልን። የዘንባባው ጥላ ከጃንጥላ ስለሚያንስ ከስሩ ሁለት ሰው ተቀምጦ አያወራም፤ ይህም ለመንደሩ ጸጥታ ጥሩ ሳይሆን አይቀርም። የእህቴ ልጅ ሱንዱስ ለሥራ ኳታር ናት፤ ፎቶውን በስልክ ብልክላት መቼ ዶሃ መጣሽ ብላ ጻፈችልኝ። እዚያም ቢሆን ከነዚህ ዛፎች ስር የሚቀመጥ ሰው አይታ እንደማታውቅ፣ የሚያጠጣቸውን ሰው ብቻ እንደምታይ ነግራኛለች። በሐይቁ ዳር የነበረው ፊላና ቄጠማ ደግሞ እይታ ይከልላል ተብሎ ታጨደ። ወፎቹ «ለአካባቢ ጥንቃቄ ይደረግ» የሚለውን ሰሌዳዎን ማንበብ ስላልቻሉ ጥለውን ሄደዋል፤ ስለ እነሱ ማንበብ አለመቻል እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

3ኛ. ስለ መንገዱ። እዚህ ላይ ልብዎን ይስጡኝ፤ ጨዋታዬ የሚያልቀው እዚህ ነው።

የቀድሞ መንገዳችንን በሜትር የለካው ሰው የለም። ስፋቱ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎችና ከነሱ ሊቀበሉ በግራና በቀኝ የሚጋፉት ሳይነካኩ የሚያልፉበት ያህል ነበር፤ አጥሩን የሚያጥር ሁሉ ይህንን አስቦ ነው እንጨት የሚተክል። እርስዎ በዚያ መንገድ ላይ አረንጓዴ ስፍራዎን አጠሩበት። በውስጡ ለውበት ሲባል እንደ እባብ የሚጠማዘዝ መንገድ አነጠፉ፤ በመግቢያውም በመውጫውም ባጃጅ እንዳይገባ ብለው ሁለት ሁለት የብረት ቱቦ በኮንክሪት ተከሉ። በመካከላቸው አንድ ቀጭን ሰው ያልፋል። እንደ እኔ ያለች ሴት በጎኗ ትገባና በጎኗ ትወጣለች፤ ለሰውነቴ ያሰቡልኝን አልዘነጋሁም። ከቱቦዎቹ በላይ ደግሞ «እንኳን ወደ አረንጓዴ መንደራችን በደህና መጡ» የሚል የብረት ቅስት አለ፤ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ነው እንኳን ደህና መጣህ የሚባለው። የአጥሩ በር በማለዳ ስለማይከፈት ለሱብሒ ሶላት የሚወጡ ሽማግሌዎች ከአጥሩ ውጭ ባለው የመስኖ ቦይ ዳር በጨለማ እየተንሸራተቱ ይሄዳሉ። ጥበቃ የቀጠሩት የሰፈራችንን ልጅ፣ የአምስት ልጆች አባት የሆነውን ጠሃን ነው። ምስኪን፣ አክስቶቹን ከሣሩ ላይ ውረዱ እያለ ከማፈሩ የተነሣ ፊታችንን ሳያይ ነው የሚናገረን።

4ኛ. ይህ ቅሬታ በእርስዎ ላይ ሳይሆን በእኛ ላይ ነው፤ እውነቱን መናገር ስላለብኝ።

ቅሬ የሚባለውን ያውቁታል? በእኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም ሞቱን አብሮ የሚሸከምበት ማኅበር ነው። የሰፈራችን የቅሬ ዳኛ ሸህ ኡበይድ ናቸው። የእርስዎ አጥኚዎች መንገዳችንን ሊያዩ እንደሚመጡ የተነገራቸው እለት፣ ሸህ ኡበይድ በየቤቱ መልእክት ሰደዱ፤ መንገዱ ይጠረግ፣ ከብት ይታሰር፣ አህያ የጫነ በእርሻው ዞሮ ይሂድ፣ እንግዶቹ እስኪሄዱ ማንም መንገዱ ላይ ወጥቶ እንዳያጨናንቃቸው አሉ። እኛም እንደታዘዝነው አደረግን። ውኃ የተሸከምነው በጓሮ ዞርን፣ ሕፃናቱን አፋቸውን ይዘን ከአጥር ኋላ ቁጭ አልን። እንግዶችዎ ባዶውን መንገድ ወርደው ወጡበት፣ ፎቶ አነሱበት፣ አንድም ሰው ሳይገፋቸው በሰላም ተመለሱ። እኛም ክብራቸውን ስለጠበቅን ደስ አለን።

ከዚያ በአዳራሹ ስብሰባ ላይ ባለሙያዎ ተነሥተው፦ «በጥናታችን ወቅት በዚህ መንገድ የሚጠቀም ሰው አልተገኘም» አሉ። ሸህ ኡበይድ ምስጋና መስሏቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ነሱ።

ጨዋነታችን እንደ ፊርማ ተቆጥሮብናል ማለት ነው። ከአክብሮት ጋር ላሳስብዎት የምወደው፣ ሁለተኛ አጥኚ የሚልኩ እንደሆነ መንገዱን እንደማንለቅ ነው። አህያውም ይመጣል፣ ሕፃናቱም ይመጣሉ፣ እኔም እመጣለሁ፤ እኔ ብቻዬን የአንድ ገበያ ያህል ነኝ።

5ኛውን ቁጥር ልሰጠው አልሆነልኝም፤ ስለ አያ ኸሚስ ነውና እንዲሁ ልጻፈው።

አያ ኸሚስን አያውቋቸውም። ክረምት በወጣ ቁጥር ጎርፍ የበላውን ያንን መንገድ ማንም ሳያዛቸው ድንጋይ እየደረደሩ የሚያስተካክሉ ሰው ነበሩ። በጥቅምት፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ አረፉ። ታጥበው ተከፍነው፣ ተሰግዶባቸው ወጡ፤ ወንዶቹ እየተቀባበሉ ተሸከሙ፣ እኛ ሴቶቹ እንደ ልማዳችን ሾላው ድረስ ሸኝተን ልንመለስ ከኋላ ተከተልን። ሾላው የነበረበት አሁን የእርስዎ በር ነው፤ ስለዚህ ያየሁት በዓይኔ ነው።

ጠሃ ገና ከሩቅ ሲያየን ቆቡን አውልቆ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ራሱ መጥቶ ትከሻውን ከቃሬዛው ስር አስገባ። ልጁን እንዳይቀጡብኝ፤ በሩ አልነበረም የከለከለን። ቃሬዛው በቱቦዎቹ መካከል አይገባም። ከቱቦዎቹ በላይ እንዳያነሱት እንኳን ደህና መጣችሁ የሚለው ቅስት ያዘው። እንየው ከፊት ሆኖ በግራ ሞከረ፣ በቀኝ ሞከረ፤ ከኋላ አንዱ ትንሽ እናዘንብለው ሲል ሸህ ኡበይድ ድምፃቸውን ሳያነሱ፦ «ሰው ነው ልጆቼ፣ ሳንቃ አይደለም» አሉ። ከዚያ በኋላ ማንም አልሞከረም። ቃሬዛውን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ በፀሐይ ቆሙ። ዕድሜዬን ሙሉ ብዙ ቀብር አይቻለሁ፣ ቀብር መንገድ አጥቶ ሲቆም ግን አይቼ አላውቅም።

በቦዩ ዳር እንዳይሄዱ ያዳልጣል፤ ያለው በአስፋልቱ መዞር ነው፣ እሱ ደግሞ ሩቅ ከመሆኑ በላይ የጭነት መኪናው እንዴት እንደሚበር እርስዎም ያውቁታል። መጨረሻ ሀሚዱ ባጃጁን አመጣ። አያ ኸሚስን በባጃጁ የኋላ ወንበር ላይ አጋድመው እንየው በጋቢው አሰራቸው፤ እግራቸው በአንድ በኩል ወደ ውጭ ወጣ። ወንዶቹ ያለ ሸክም፣ እጃቸው ባዶ ሆኖ፣ ከጭሱ ኋላ ተከተሉ። በቅይጥ አገልግሎት ማዕከልዎ በር ላይ የቆመ አንድ መንገደኛ ሸቀጥ የጫነ መስሎት እጁን ዘርግቶ ሀሚዱን አስቆመው፤ ቦታ አለህ ወይ ብሎ።

በእግር በሚኬድበት መንደር ውስጥ፣ በእግሩ መሄድ ያልቻለው አንድ ሰው በእግረኞች ትከሻ እንዳይሄድ ተደረገ። እንኳን ደስ አለዎት።

ከሦስቱ ቀን ለቅሶ በኋላ ሸህ ኡበይድና እንየው ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መጡ። በጥሩ ሁኔታ መስተናገዳቸውን፣ የታሸገ ውኃም እንደተሰጣቸው ነግረውናል፤ እናመሰግናለን። ቱቦዎቹ የጸደቀው ዲዛይን አካል ስለሆኑ እንደማይነቀሉ፣ የቀብር ማለፍ ግን እንደ ልዩ ዝግጅት ስለሚታይ ሦስት የሥራ ቀን አስቀድሞ የጽሑፍ ማመልከቻ ከቀረበ በአጥሩ ሌላ በኩል ለጊዜው እንደሚከፈት ተገለጸላቸው። ሸህ ኡበይድ ሟቹ ነው ወይ አስቀድሞ የሚያመለክተው ብለው ቢጠይቁ፣ ቤተሰብም ሊያመለክት እንደሚችል በትሕትና ተነግሯቸዋል።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ አያ ኸሚስ ብቻ አይደሉም። እናቴ ዑምኩልሱም ከቤቴ ውስጥ፣ አበባ ከተሣለበት ግድግዳ ኋላ ተኝታለች። ከረመዳን ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም፤ ሐኪሙም ቤቷ ትሁን ብሎናል፣ ሐኪም እንዲህ ሲል ምን ማለት እንደሆነ እርስዎም እናት ስለነበረዎት ያውቁታል። የአያ ኸሚስን አወጣጥ እንዳንነግራት ተማክረን ነበር፤ ግን ለጥየቃ የመጣች ሴት አወራቻት። እናቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ማታ ጠርታኝ እጄን ይዛ፦ «ራዚያ፣ የሁሉንም ቤት ለቅሶ በእግሬ ነው የደረስሁት። እኔን በባጃጅ እንዳትሰዱኝ» አለችኝ።

ምን ልበላት? አብሽሪ አልኋት። ኢንሻአላህ አልኋት። እሷ ግን ደግማ ደጋግማ ስለ በሩ ትጠይቀኛለች፤ ስለ መድኃኒቷ አትጠይቅም፣ ስለ ልጅ ልጆቿ አትጠይቅም፣ ብረቱን አነሱት ወይ ነው የምትለው። ባለፈው ሳምንት ለጽሕፈት ቤትዎ ማመልከቻ ልጽፍ ፈልጌ ቀኑን መቼ ልበል ብዬ ራሴን ስጠይቅ ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥሁት። እናቷ የምትሞትበትን ቀን ሦስት የሥራ ቀን አስቀድማ የምታውቅ ልጅ ካገኙ፣ ቅጹን ለሷ ይስጡልኝ።

በእኛ ዘንድ ቃሬዛ መንገድ ላይ ያገኘ ሰው፣ የማያውቀውም ሟች ቢሆን፣ የያዘውን አስቀምጦ ትከሻውን ያበድራል፤ ወደ ገበያ የሚሄደው፣ ከገዳም የሚመለሰው የቆሎ ተማሪ፣ ከዓረብ አገር ትናንት የገባው ወጣት፣ ሁሉም። ለዚህ ነው መንገዱ ሰፊ የነበረው። ሰው እንዲገባበት ነው። ያንን ስፋት ነው ለአበባ መደብ ያዋሉት።

የምጠይቅዎት ብዙ አይደለም። ሾላዎቹን መልሱልን አላልሁም፤ ሾላ በስብሰባ አይበቅልም። የሱቄን መስኮት ክፈቱልኝም ዛሬ አላልሁም፤ እሱን በሌላ ደብዳቤ እጨቀጭቅዎታለሁ። ከመግቢያው ሁለት፣ ከመውጫው ሁለት ብረት ይነቀል፣ ቅስቱ ይነሣ፣ በመካከል ያለው የአበባ መደብ ወደ ዳር ይጠጋ፤ ይኸው ነው። ባጃጅ ይገባል ብለው የሚሰጉ ከሆነ አይስጉ፤ ሱቁንና ወፍጮውን ወደኛ ከመለሱልን ባጃጅ ወደኛ የሚያመጣው ጉዳይ የለውም።

ለእስካሁኑ ድካምዎ ሁሉ፣ ስለ ዘንባባው፣ ስለ ሥዕሉ፣ ስለ ታሸገው ውኃ፣ ባዶ መንገድ አይታ ባዶ ሰፈር ላገኘችው ጥናትዎ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። አላህ የሠሩትን ያስቆጥርልዎ፤ አንዱንም ሳያስቀር።

በጎኗ ገብታ በጎኗ የምትወጣው አክባሪዎ፣
ራዚያ ማህዲ
የቀድሞ ባለሱቅ፣ የዛሬ የብሎክ ሐ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለሾላ ግርጌ ቅሬ፤
ለአረንጓዴው ስፍራ አጥር (ሣሩ ላይ አትሂዱ ከሚለው ሰሌዳ ጎን ተለጥፏል፤ ለመለጠፍ ስል ሣሩን ረግጫለሁ)።

ማሳሰቢያ፦ ማመልከቻ በጽሑፍ ይቅደም ባሉት መሠረት፣ ይህ ደብዳቤ ስለ እናቴ ስለ ዑምኩልሱም የቀረበ ማመልከቻ ሆኖ ይያዝልኝ። የቀኑን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ፤ እሱን የሚሞላው የሁላችንንም የሚሞላው ነው። የቅሬያችን ዶማና አካፋ እንደሚያውቁት ሁልጊዜም ከቃሬዛው ፊት ፊት ነው የሚሄደው። እስከዛሬ የሚሄደው ለመቃብሩ ብቻ ነበር፤ ሸህ ኡበይድ ከእንግዲህ በርዎ ላይ ትንሽ ሥራ ሊኖረው እንደሚችል ለቅሬው አስታውቀዋል። በዕለቱ በቦታው ከተገኙ ደግሞ ከእናቴ ቃሬዛ ስር ለትከሻዎ ቦታ እናስቀምጥልዎታለን፤ እንግዳ ነዎትና በመንገዱ መሀል።